የህንፃ ጥያቄዎቻችሁ፦ ከ8 ሰዓት በኋላ የሚጋገረው ሱቅ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሙቀትና ብርድ ናቸው። ሶስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፣ ያው ጥያቄ በየሳምንቱ ከሌላ ህንፃ ይመጣልና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቦሌ አካባቢ አዲስ ህንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሙሽራ ልብስ አከራያለሁ። ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው፣ ወደ ምዕራብ ያያል። ጠዋት ጠዋት ደስ ይላል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን ቬሎ የምትለካ ሙሽራ ላቧ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። አስተዳደሩን ብጠይቅ «ኤሲ ግጠሚ፣ ወጪው የራስሽ ነው፣ የውጪውን ማሽን ግን ፊት ለፊት መስቀል ክልክል ነው» አሉኝ። ሁለት ቬንትሌተር ገዛሁ፣ ያንኑ ሙቅ አየር ያዞሩታል እንጂ ምንም አልፈየዱልኝም። ኤሲ ልግዛ ወይስ ሱቁን ልልቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ለጊዜው ተያቸው። መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሪ። ነገ 9 ሰዓት ላይ ከህንፃው ውጪ፣ ጥላ ስር፣ አምስት ደቂቃ ቁሚ። ነፋሻ ነው አይደል? ከዚያ ወደ ሱቅሽ ግቢ። በሁለቱ መሃል ያለውን ልዩነት ያመጣው የአዲስ አበባ አየር አይደለም፣ ህንፃው ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በሞቃቶቹ ወራት በመጋቢትና በሚያዝያ እንኳ ማታ ሹራብ ታስለብሳለች። እዚህ ከተማ ላይ ሰው በሙቀት የሚሰቃይ ህንፃ ተሠራ ማለት ያሳዝናል። በጣም ነው የሚያሳዝነው።

የሆነው እንዲህ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ አናታችን ስለምትጠጋ ሰሜንና ደቡብ የሚያዩ መስኮቶችን አጭር ክዳን ይከልላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ግን ዝቅ ብላ ከምዕራብ በቀጥታ ትመጣለች፣ በክዳኑ ስር ሾልካ ትገባለች። ያቺን ፀሐይ የሚያቆም ግድግዳ ነበር፣ የናንተ ህንፃ ላይ መስታወት ሆነ። ፒያሳ የቀሩትን የዱሮ ቤቶች ሄደሽ እያቸው፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ጠበብ ያለ መስኮት፣ ጥላ ያለው የእንጨት በረንዳ። ማንም ኤሲ አላሰበም ነበር፣ አላስፈለገምም።

መጋረጃ አለኝ ትይኝ ይሆናል። መጋረጃ ከውስጥ ሲዘጋ ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ገብታለች። መጋረጃውን ታሞቀዋለች፣ መጋረጃው ክፍሉን ያሞቃል። አንድ ጊዜ እንዳንቺው ወደ ምዕራብ የሚያይ ቢሮ ላይ መጋረጃውን ገልጬ የመስኮቱን አልሙኒየም በእጄ ያዝኩት። ወዲያው ለቀቅኩት፣ እንደ ምጣድ ነበር። ያ ሁሉ ሙቀት ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ሰዎቹ ይመጣል። ስለዚህ ጥላው ከውጪ መሆን አለበት። ሸራ፣ ቁም ላሜራ፣ የሚጠቀለል የሸንበቆ መጋረጃ፣ የትኛውም ቢሆን ከመስታወቱ ውጪ ይሁን እንጂ ይሠራል። ከውጪ መስቀል ጨርሶ ካልተፈቀደ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ የፀሐይ ፊልም ሁለተኛው ምርጫ ነው። የውጪውን ጥላ አይተካም፣ ግን ይቀንሳል፣ ልብሶችሽም በፀሐይ እንዳይደበዝዙ ይረዳል።

ቀጥሎ አየር። በእነዚህ ህንፃዎች ላይ የሚከፈተው መስኮት ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነው፣ እሱም መሃል ላይ። ሙቅ አየር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ኮርኒሱ ስር ይከማቻል፣ መውጫ የለውም። ከላይ በኩል አንድ ሁለት መስታወት ወደሚከፈት እንዲቀየር ጠይቂ፣ ፍርግርግና ወንፊት ይኑረው። ከዚያ ማታ ክፍቱን ይደር፣ የኮሪደሩ በኩልም መውጫ ካገኘ ይበልጥ ጥሩ። ሌሊቱን ቀዝቃዛው አየር እየገባ ወለሉንና ኮንክሪቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዘግተሽ ብርዱን ለከሰዓት ታስቀምጪዋለሽ። ይሄ ነፃ ነው። ጅቡቲ ያለ ነጋዴ ይህን ሌሊት ቢያገኝ በስንት ይገዛው ነበር!

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃሽ ኤሲ ግዢ። ኢንቨርተር የሚባለውን ዓይነት፣ ምክንያቱም ፍላጎትሽ ከሰዓት ከሰዓት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ክፍሉ ሲበርድ ጉልበቱን ይቀንሳል። ባለ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ ጉልበት መለኪያ ነው) ማሽን በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 1 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። በቀን 5 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብትይው 130 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ የመጣ ስለሆነ የዛሬውን ቢል ይዘሽ የዓመቱን አታስቢ። ሻጩ የማይነግርሽም አንድ ነገር አለ። እኛ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። የውጪው ማሽን ሙቀቱን የሚጥለው ለዚሁ ስስ አየር ስለሆነ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያህል አያቀዘቅዝም። ማሽኑን ደግሞ መተንፈሻ በሌለው ጓዳ ውስጥ እንዳታስገጥሚው፣ የራሱን ሙቀት መልሶ ይስባል።

አሁን ዋናው፣ ማን ይክፈል? እኔ በግልጽ ልናገር፣ የህንፃው ቆዳ የባለህንፃው ነው። አንድ ፊልም፣ አንድ ኤሲ የተከራይ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ውጪው ላይ የሚሰቀል ጥላና የሚከፈት መስኮት ግን ተከራይ ሲወጣ ይዞት የማይሄደው ነገር ነው። በምዕራብ በኩል ያላችሁ ተከራዮች ስንት ናችሁ? አንድ ላይ ሆናችሁ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። አስተዳደሩ የህንፃው መልክ እንዳይበላሽ ይፈራል፣ እውነቱን ነው፣ ስለዚህ አንድ ዓይነት ጥላ ለሁሉም ፎቅ ይሥራ። አሥር ተከራይ አሥር ዓይነት ማሽን ከሚሰቅል ያ ያምራል። ወጪውን ልትጋሩ ከተስማማችሁ ደግሞ ከኪራይ እንዲቀነስ በጽሑፍ ይሁን። በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ (ቁጥር 1320) የመኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅን አይመለከትም፣ አንቺን የሚጠብቅሽ ውልሽ ነው። ውል ስታድሺ የመስኮቱን፣ የጥላውን፣ የማሽኑን ቦታና የሚንጠባጠበውን ውሃ ጉዳይ ሳይቀር አጽፊ።

ጥያቄ፦ ሲኤምሲ አካባቢ 12 ተከራይ ያለበት ባለ 4 ፎቅ ቤት አስተዳድራለሁ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። ክረምት በገባ ቁጥር ብሬከር ይዘላል፣ ተከራይ ይጮሃል። ሁሉም ሂተር ሰክቷል። አንዷ ተከራይ ደግሞ ከሰል አቀጣጥላ ክፍል ውስጥ ስታስገባ አየሁ። ሂተር ልከልክል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከከሰሉ ልጀምር፣ እሱ እስከ ማታ አይቆይምና። ዛሬውኑ ደጃፏን አንኳኩተው ይንገሯት። አደጋው ጭስ ሲታይ ብቻ አይደለም፤ ፍሙ ቀልቶ ጭስ ካቆመ በኋላ ነው ሰው ተማምኖ በር የሚዘጋው። ያኔም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፣ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ራስ ምታትና ድካም ይሰጥና ሰውን እንቅልፍ ላይ ይወስደዋል። ከሰል የሚነደው ደጅ ነው። ውሉ ውስጥም ያስገቡት።

ሂተሩን ብቻውን ቢከለክሉ ከሰሉን ይጋብዛሉ። ይልቅ ሂሳቡን እንየው። አንድ ሂተር 2,000 ዋት ነው፣ 9 አምፔር ገደማ ይስባል። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ገደማ፣ የሻወር ቦይለር ሌላ 2,000። ሦስቱ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ላይ ሲበሩ ከ30 አምፔር ያልፋሉ፣ ብሬከሩ መዝለሉ ሥራው ነው። ብሬከሩን በትልቅ ቀይሩት የሚል ኤሌክትሪሺያን ከመጣ ያሰናብቱት፣ ሽቦው አልተቀየረምና እሳቱ ግድግዳ ውስጥ ይሆናል። አንድ ቤት ውስጥ የማከፋፈያ ሶኬት ቀልጦ ምንጣፍ ላይ ተጣብቆ አይቻለሁ፣ ሕፃኑ ተኝቶ የነበረው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ነው። ሂተር ከማከፋፈያ ላይ አይሰካም፣ ለየቤቱ አንድ ራሱን የቻለ መስመር ይሳቡለት።

ከዚያ ብርዱ የሚገባበትን ይድፈኑ። የበር ስር ክፍተት፣ የማይገጥም የብረት መስኮት፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለ ኮርኒስ በቆርቆሮ ስር። ጎማና ፎም ብዙ ብር አይጠይቅም። ቦይለርና ሂተር አንድ ላይ እንዳይበራ፣ ምጣድም ሲጋገር ሂተር እንዲጠፋ ተከራዮቹን በደግ ቃል ያስማሙ። ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ነው የምጽፈው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ። ኤፕሪል ላይ ውጪው ሞቆ አፓርታማችን ግን ሂት ይለቃል። ኤሲ ስጠይቅ «ገና አልተቀየረም» ይሉኛል። አውቀው ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ጊዜ አውቀው አይደለም። በብዙ የዱሮ አፓርታማ ህንፃዎች በብርዱ ወራት ሙቅ ውሃ፣ በሙቀቱ ወራት ቀዝቃዛ ውሃ የሚሄደው በዚያው ቱቦ ነው። ውሃውን የሚያሞቀው ቦይለር ጠፍቶ ውሃው ሳይበርድ የሚያቀዘቅዘው ማሽን፣ ቺለሩ፣ አይነሳም፣ ቅይይሩ ቀናት ይፈጃል፣ ዛሬ ቀይረው ነገ ብርድ ቢመለስ ወዲያው መመለስ አይችሉም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ሕጉ አከራዩ ኤሲ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው፣ ቤቱ ከ80 ዲግሪ ፋራናይት እንዳይበልጥ። ኤፕሪል ላይ በሕግ አትይዛቸውም። እስከዚያ የክፍልህን ማራገቢያ አጥፋው፣ ቱቦው ላይ ቫልቭ ካለ ዝጉልኝ በላቸው፣ ማታ መስኮት ክፈት። ጁን 1 ካለፈ በኋላ ግን ቴርሞሜትር ግዛና ቁጥሩን ከነቀኑ ፎቶ አንሳው፣ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ላክ፣ መልስ ካላገኘህ ወደ ካውንቲው ስልክ፣ 311፣ ደውል።