ቢላው ያለው በማን ትራስ ሥር ነው?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖር የ38 ዓመት ሰው የላከልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ባጭሩ እንዲህ ነው።

ሚስቱን ያገኘው በቴሌግራም፣ በደላላ በኩል ነው። ደላላው የሦስት ሴቶች ፎቶ ላከለት፤ ሁለተኛዋን መረጠ። ከፈለ። ልጅቷ ከክፍለ አገር አንዲት ሻንጣ ይዛ መጣች፤ በሳምንቱ ተፈራረሙ። አሁን ሰባት ወራቸው ነው። ሌሊት እየተነሳች በረንዳ ላይ እሱ በማይሰማው ቋንቋ በስልክ ታንሾካሹካለች። ባለፈው ወር «ወንድሞቼ ናቸው» ያለቻቸው ሁለት ወንዶች መጥተው ቡና ጠጥተው ሄዱ። ታናሽየው ሲወጣ የበሩን ቁልፍ በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ አየው። ከዚያ ደግሞ ባልየው አንሶላ ሲያነሳ ከትራሷ ሥር የወጥ ቤት ቢላ አገኘ። «ሊገድሉኝ ነው» ይላል። የኤቲኤም የሚስጥር ቁጥሩን ቀይሯል። የሠራችውን ሽሮ ለድመቷ ሳያቀምስ አይበላም።

ወንድሜ፣ ፍርሃትህን አልንቀውም። በትዳር ስም ሰው የሚዘርፉ አሉ። ግን አንተ በፍጥነት ያለፍከውን አንድ ነገር እኔ ማለፍ አቃተኝ። «ሰፈሩ ገና ሰው ስላልሞላበት ጠዋት ከውጭ ቆልፌባት ነው የምወጣው። መታወቂያዋም እንዳይጠፋ እኔ ጋ ነው» ብለሃል።

እስቲ ደብዳቤህን ከዚህ ጀምረን እንደገና እናንብበው። ቀኑን ሙሉ ተቆልፎባት ትውላለች። ሌሊት የምትደውለው የሌሊት ጥቅል ስለሚረክስ ሊሆን ይችላል፤ እናቷ ናፍቃትም ሊሆን ይችላል። ወንድሟ ቁልፉን አየው። እኔም ወንድሟ ብሆን አየው ነበር። ቢላውስ የት ነበር? ከእሷ ትራስ ሥር። እናቶቻችን አራስ ብቻዋን ስትሆን ብረት ትራስጌዋ ያደርጉላት ነበር። ቅዠት የሚያስቸግረው ሰውም ቢላ ትራሱ ሥር ያደርጋል። እንዲህ የሚያደርገው የፈራ ሰው ነው። እዚያ ቤት ውስጥ የፈራችሁት ሁለት ናችሁ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። «ወዳኝ ነው ወይስ ሌላ ዓላማ አላት?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶሃል። መልሱን ግን የቆለፍክበት ራስህ ነህ። በሩ ከውጭ እስከተቆለፈ ድረስ አብራህ መቆየቷ ምንም አይነግርህም። ሳቋም፣ «እንዴት ዋልክ» ማለቷም እንደዚያው። መሄድ የማይችል ሰው ፈገግ ሲልልህ ከልቡ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለህ? አታውቅም። ስለማታውቅ ትጠረጥራለህ፤ ስትጠረጥር ደግሞ ይበልጥ ትቆልፋለህ። መርዙን ሽሮው ውስጥ እየፈለግክ ነው። ጥርጣሬውን ግን የሚወልደው ኪስህ ውስጥ ያለው ቁልፍ ነው።

«ድሮም ሙሽሪትን ሳያዩ ማግባት ነበር» ትለኝ ይሆናል። ነበር፤ ብዙ ልጆችም ተበድለውበታል። ቢሆንም ሽማግሌ ነበር፣ መልስ ነበር። መልስን ሁላችንም እንደ ድግስ ነው የምናየው። እኔ በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁ ቁጥር ሌላ ነገር ይታየኛል። ልጅቷ በሰርጓ ሰሞን ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። እናት ጓዳ ይዛት ትገባና ፊቷን ታያለች። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ያቺ ደቂቃ ትልቅ ነገር ናት። አንተ ፎቶ ገዛህ፤ መልስ ግን አልበላህም። ወንድሞቿ ያን ያህል መንገድ የመጡት ያችን የቀረች ደቂቃ ፍለጋ ይመስለኛል።

ይህ ንግድ በሌላውም ዓለም አለ። አሜሪካ ውስጥ በካታሎግ፣ ኋላም በኢንተርኔት ከሩቅ አገር ሚስት ማምጣት የቆየ ነገር ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ ሕግ ደላላው የወንዱን የወንጀል ታሪክ ለሴቷ እንዲያሳውቅ፣ እሷ በጽሑፍ ሳትፈቅድም አድራሻዋን እንዳይሰጥ ያስገድዳል። ለሕጉ መነሻ የሆኑት በዚህ መንገድ ባገቧቸው ባሎች የተገደሉ ሴቶች ናቸው። ይበልጥ የምትጋለጠው አገሯን ትታ የመጣችው ናት። የእኛም የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ትዳር በሁለቱም ነፃና ሙሉ ፈቃድ እንዲሆን፣ ባልና ሚስትም እንዲከባበሩ ያዛል። ትልቅ ሰውን ቤት ቆልፎ ማስቀመጥ በሕግ ያስጠይቃል። ላስፈራራህ አይደለም፤ የምታደርገውን በስሙ እንድትጠራው ብዬ ነው።

ምን ላድርግ ላልከኝ፣ በደብዳቤ ብዙ ማለት አልደፍርም። ነገ ግን ቁልፍ አስቀርጽላት። መታወቂያዋን መልስላት። ስለ ቢላው አሁን አትጠይቃት። ከዚያ ሁለታችሁም አማካሪ ጋ በአካል ሂዱ፤ መጀመሪያ ለየብቻ ቢሆን ይሻላል። እምነት በሳምንት አይመጣም። ትታህ ልትሄድም ትችላለች። ከሄደች እንዳትከለክላት። ይህን የምታነብ፣ በር የተቆለፈባት እህት ካለች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ደብዳቤህ አራት ገጽ ነው። የደላላውን ክፍያ ጽፈሃል፣ የሻንጣዋን ቀለም ሳይቀር ጽፈሃል። ስሟን አንድም ቦታ አልጻፍክም። ማታ ስትገባ በስሟ ጥራትና ለወንድሞቿ መደወል ትፈልግ እንደሆነ ጠይቃት። ደስ ካላት ስልኩን ተቀበልና «ለመልስ መቼ እንምጣ?» በላቸው።