«አቀና» እና «ሰፈረ» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ አያቴ ስለ ደጋ ዳሞት ሲያወሩ «ይህን አገር ያቀናው አባታችን ነው» ይሉ ነበር። ለምን «የሰፈረበት» አላሉም? «አቅኚ» እና «ቅኝ ገዢ»ስ ዘራቸው አንድ ነው? (ከቡሬ)

መልስ፦ አያትዎ ቃሉን በቦታው ነው ያስገቡት።

«ሰፈረ» አንድም እህል መለካት ነው፤ ጤፍ በቁና ይሰፈራል። አንድም ጓዝ አውርዶ፣ ድንኳን ተክሎ ማረፍ ነው። የሰፈረ ጦር ነገ ሊነሳ ይችላል። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሳሰሉ የአዲስ አበባ ስሞችም መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው ያረፉበትን ዘመን ያስታውሳሉ።

የ«አቀና» ሥር ግን «ቀና» ነው። ዱላ የሚሠራ ሰው አይተው ከሆነ፣ እርጥቡን እንጨት እሳት ላይ ያሞቀዋል፣ ልጡን ይልጠዋል፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ ተጭኖ ጎባጣውን ያቀናዋል። መሬትም እንዲሁ ነው። ዱሩ ይመነጠራል፤ ጉቶው ይነቀላል፤ ድንጋዩ ተለቅሞ ዳር ዳር ይካባል። ከዚያ ነው በሬ የሚጠመደው። በጎጃም የርስት ሥርዓት ይህን ቀድሞ ያደረገው ሰው «አቅኚ አባት» ይባል ነበር። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠይቅ ሰው፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ዘሩን ቆጥሮ እሱ ላይ መድረስ ነበረበት። ሰፈረ ቢሉት ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። «አገር ማቅናት» ዘምቶ ማስገበርንም ይጨምራል። ቃሉ የመጪው ሰው ነው፤ ቀድሞ እዚያ ለኖረው አገሩ ድሮም ቀና ነበር።

«ሰፋሪ» የሚለው ስምም ያሳስበኛል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ የተጎዱ ብዙ ቤተሰቦች ከወሎና ከሌላም አካባቢ ወደ ፓዌ ተወሰዱ። ፓዌ ያኔ በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ መተከል ውስጥ ነበር። ለመጡት ስሙ ልክ ነበር። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ወልዶ የሚኖረውን ሰው ዛሬም «ሰፋሪ» ማለት ግን ስህተት ነው፤ ያስከፋልም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ዘራቸው ይለያያል። «አቅኚ» ከ«አቀና» ነው፤ «ለመነ» ብለን «ለማኝ» እንደምንለው «ነ»ው ወደ «ኘ» ዞሮ ነው። «ቅኝ» ደግሞ ከግዕዙ «ቀነየ» ነው፤ ገዛ፣ አስገዛ ማለት ነው። ጎጃም የምትታወቅበት «ቅኔ»ም የዚሁ ዘር ነው፤ መገዛት፣ ማገልገል ከሚለው የመጣ። ስለዚህ አያትዎ አባታቸውን «አቅኚ» ሲሉ ቅኝ ገዢ ማለታቸው አልነበረም።