የኋላ ፍሬን ፒስተን አልገባ ሲል

ከቨርጂኒያ የጻፉልን ጠያቂ የ2008 ሆንዳ ሲቪክ መኪናቸውን የኋላ ፍሬን ዲስክና ሸራ በቤታቸው ለመቀየር ጀምረው፣ የፊቱን በቀየሩበት ሞርሳ ሸራውን የሚገፋውን የኋላውን ፒስተን ቢጫኑት ንቅንቅ አልል እንዳላቸው ገልጸዋል። እባክዎ ከዚህ በላይ አይጫኑት። በኋላው ካሊፐር (ፒስተኑን ይዞ ሸራውን ዲስኩ ላይ በሚጫነው ክፍል) ውስጥ የእጅ ፍሬኑ ገመድ የሚያንቀሳቅሰው ጥርስ ያለው ዘንግ ስላለ ፒስተኑ የሚገባው እየተሽከረከረ ነው፤ በጉልበት ሲገፉት የሚጎዳውም ይኸው ዘንግ ነው።

አስቀድመው የእጅ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፤ መኪናው እንዳይንሸራተት የፊት ጎማዎቹን በእንጨት ይደግፉ፣ በክሪክ ብቻ ሳይተማመኑም በብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉት። ካሊፐሩ በቱቦው እንዳይንጠለጠል ከመኪናው ሞላ (ስፕሪንግ) ጋር በሽቦ ይሰሩት። የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ እስከ አፉ ሞልቶ ከሆነ ጥቂት ቀድተው ያውጡለት፤ ፒስተኑ ሲገባ ዘይቱ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ቀለም ላይ ከፈሰሰም ቀለሙን ይልጠዋል።

በፒስተኑ ፊት ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ያገኛሉ። በዚያ የሚገጥም ማሽከርከሪያ፣ እሱ ከሌለም ባለ ሹል አፍ ፒንሳ አስገብተው ፒስተኑን በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ያዙሩት፤ ማሽከርከሪያውን እዚያው አገር ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በመያዣ ያውሱታል። የአቧራ መከላከያው ጎማ አብሮ ሲጠማዘዝ ካዩ ቆም ብለው ጠርዙን ጥቂት የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡትና ያላቁት፣ አለበለዚያ ይቀደዳል። ብዙ ሰው የሚስተው ግን መጨረሻው ላይ ነው፤ ፒስተኑ ገብቶ ሲያልቅ በውስጠኛው ሸራ ጀርባ ያለችው ጉጥ በስንጥቁ ውስጥ በትክክል እንድትቀመጥ አድርገው ያቁሙት። ጉጧ ከስንጥቁ ውጭ ከቀረች ሸራው ተዛብቶ በአንድ በኩል ብቻ ያልቃል።

ዲስኩን የያዙት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ብዙውን ጊዜ ዝገው ስለሚጣበቁ፣ በተራ ካቻቢቴ ታግለው የብሎኖቹን ጭንቅላት ከሚያበላሹ በመዶሻ እየተመታ የሚዞረውን ካቻቢቴ ይጠቀሙ። አዲሱ ዲስክ የዝገት መከላከያ ዘይት የተቀባ ነውና በፍሬን ማጽጃ ያጽዱት።

ጎማውን ከመመለስዎ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ይወርዳሉ። ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን ስበው ይልቀቁና በካሊፐሩ ጀርባ ያለው፣ ገመዱ የሚስበው ክንድ እስከ ማረፊያው ድረስ መመለሱን ይመልከቱ። ካልተመለሰ ገመዱ ወይም ካሊፐሩ ራሱ ተጣብቋል ማለት ነው፤ ያ ሳይጠገን አዲሱ ሸራ ዲስኩን እየፋቀ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ከተመለሰ የቸርኬውን ዳዶዎች በ108 ኒውተን ሜትር አጥብቀው መንዳት ይችላሉ።