ባሕር ዛፉን አታስቆርጥ

ከመሐል ሜዳ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጸሐፊው የ31 ዓመት ወጣት ነው። በወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ሰባት ዓመት ሠርቷል። ማስተርሱን በክረምት ትምህርት ጨርሷል፤ ውጤቱ 3.4 ነው። አሁን በሕዝብ ጉዳዮችና ፖሊሲ ፒኤችዲ መማር ይፈልጋል። መጀመሪያ ያሰበው አሜሪካን ነው፤ ካልሆነ አዲስ አበባን። «መስፈርቱ ምንድን ነው? እኔስ አሟላለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ፕሮፖዛል (የጥናት ዕቅድ) የሚሠራልኝ ሰው አግኝቻለሁ። 30 ሺህ ብር ብሎኛል። አባቴ ባሕር ዛፉን ሸጬ እከፍልልሃለሁ ብሏል። አዲስ አበባ ያለው አጎቴም ከቤታችን አንድ ዶክተር ይውጣ እያለ በየሳምንቱ ይደውላል።»

ወንድሜ፣ መስፈርቱን እነግርሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ባሕር ዛፉ አይቆረጥ።

ነገሩን ከሩቅ ሆኜ አይደለም የማወራው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ባሕር ዛፍ የገበሬው ባንክ ነው። ልጅ ሲዳር ይቆረጣል፤ ሰው ሲታመም ይቆረጣል፤ የቤት ክዳን ሲያፈስ ይቆረጣል። ጉቶው አቆጥቁጦ እንደገና ለሽያጭ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። አባትህ ይህን ሊሰጡህ መነሣታቸው የፍቅራቸው ልክ ነው። የሚገዙልህ ነገር ግን አይጠቅምህም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ዘርፍ ስታመለክት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ፕሮፖዛል አትጠየቅም። የሚጠይቁህ የዓላማ መግለጫ ነው። ምን ማጥናት እንደምትፈልግ፣ ለምን እንደምትፈልግ፣ ለምን እዚያ ትምህርት ቤት እንደመረጥክ በሁለት ገጽ አካባቢ ትጽፋለህ። ብዙዎቹ አንተ ራስህ የጻፍከውን አንድ ጽሑፍም ማየት ይፈልጋሉ። ፕሮፖዛሉን የምትጽፈው ገብተህ፣ ኮርሶቹን ጨርሰህ ነው። ስለዚህ ያ ሰው ለአሜሪካ ብሎ 30 ሺህ ብር ከጠየቀህ የማያስፈልግህን ዕቃ እየሸጠልህ ነው። እዚህ አገርና በብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ገና ስታመለክት የጥናት ሐሳብ ይጠይቃሉ። እዚያም ቢሆን የተገዛ ፕሮፖዛል ከቃለ መጠይቁ አያልፍም።

ቢያልፍስ? ትምህርቱ እንዴት እንደሚሄድ ልንገርህ። መጀመሪያ ኮርስ ነው፦ የፖሊሲ አወጣጥ ንድፈ ሐሳብ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ የምርምር ዘዴ። በአሜሪካ ይህ ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ አጠቃላይ ፈተና አለ፤ እሱን ያላለፈ ወደ ምርምሩ አይሻገርም። ከዚያ ፕሮፖዛልህን በኮሚቴ ፊት ትከላከላለህ። ከዚያ መረጃ መሰብሰብ፣ መጻፍ፣ መልሶ መጻፍ። መጨረሻ ላይ ዲፌንስ፤ የጨረስከውን ጥናት በፈታኞች ፊት ትከላከላለህ። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚጠይቁህ ያንኑ ነው፦ ይህን ጥያቄ ለምን መረጥክ? ፕሮፖዛሉን የሸጠልህ ሰው በሁለት ሳምንት ብሩን ይዞ ይሄዳል። አንተ ከጥያቄው ጋር አምስት ዓመት ትኖራለህ።

ይህን ያየሁት በራሴ ነው። ዘጠኝ ዓመት በወረዳ ፕላን ጽሕፈት ቤት ሠርቼ ነው ፒኤችዲ የገባሁት። የመጀመሪያ ርዕሴ የራሴ አልነበረም። «ፈንድ ያለበት ርዕስ ነው» ተብዬ ተሰጠኝ፤ ተቀበልኩ። ሁለት ዓመት ለፋሁበት። ፕሮፖዛሉን ባቀረብኩ ቀን አንድ ፈታኝ «ይህ ነገር አንቺን ምኑ ነው ያሳሰበሽ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ እንደ አዲስ ጀመርኩ። በወረዳ ሳለሁ በየዓመቱ የሚያንገበግበኝ ነገር ነበር። የካፒታል በጀት ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ከርሞ በግንቦትና በሰኔ ሩጫ ይሆናል። ሰኔ 30 ሳይደርስ ጨርሱ ይባላል፤ ጥራት ይቀራል። ለምን እንዲህ ይሆናል? ይህን ማንም ሊጽፍልኝ አይችልም ነበር። እሱን ይዤ ጨረስኩ።

አሁን ወደ አንተ ደብዳቤ ልመለስ። በመሐል ስለ ጓሳ፣ ስለ መንዝ የጋራ የሣር መሬት፣ አንድ መስመር ጽፈህ አልፈሃል፦ «ቢሮ የጓሳ ሣር ክርክር ሲመጣብን ውለን እናመሻለን።» እኔን እንድጽፍልህ ያደረገኝ ይህ መስመር ነው።

አንተ በየቀኑ የምታየው ነገር በዓለም ላይ ያሉ የፖሊሲ ተመራማሪዎች አገር አቋርጠው መጥተው የሚያጠኑት ነው። የመንዝ ጓሳን ሕዝቡ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ጠብቆታል። የጥንቱን የመንዝ ቄሮ ማለቴ ነው። የመጠቀም መብቱ የጥንቶቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ነበር። ሣሩ እንዲያገግም ቦታው ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመትም ይዘጋ ነበር። የሚከፈትበትን ቀን የሚወስኑት ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ነበሩ። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ግን ያ የዘር መብት ተሻረ፤ ሥርዓቱም ፈረሰ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። ዛሬ ደግሞ አንተ በመንግሥት ወንበር ተቀምጠህ ክርክሩን ትሰማለህ። የኮሚቴው ደንብና የመሬት ሕጉ ሲጋጩ ማን ይሰማል? ቅጣቱን የሚያስፈጽመው ማን ነው? ከቀድሞው መብት ውጭ የነበሩ ቤተሰቦች ዛሬ ምን ያገኛሉ?

ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል አሜሪካዊት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ነበረች። ሕዝብ የጋራ ግጦሹን፣ ደኑንና ውኃውን እንዴት ራሱ እንደሚያስተዳድር ዕድሜዋን ሙሉ አጠናች። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ለብዙ ዓመታት ያስተማረችው በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ነው። ያ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም በፖሊሲ ፒኤችዲ ያስተምራል። እንዲህ ያለ ቦታ ለሚገኝ መምህር «የምሠራው ጓሳ ሥር ባለ የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው» ብለህ ስትጽፍ ደብዳቤህ ከሌሎቹ ይለያል። 30 ሺህ ብር የጠየቀህ ሰው ይህን ሊሰጥህ አይችልም። እሱ ቢሮህ ውስጥ ተቀምጦ አልዋለም።

ስለ ገንዘብ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ለፒኤችዲ ከኪስህ አትክፈል። በአሜሪካ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ለፒኤችዲ ሲቀበሉህ ብዙ ጊዜ የማስተማር ወይም የምርምር ረዳት ያደርጉሃል። የትምህርት ክፍያው ይነሣልሃል፤ ለኑሮህም ይከፍሉሃል። ተቀብለንሃል ብለው ገንዘብ ከሌለው ለአንተ እንደ አልተቀበሉህ ቁጠረው። አገር ውስጥ ከሆነ ከመሥሪያ ቤትህ የድጋፍ ደብዳቤ አስፈርም። ከጨረስክ በኋላ የአገልግሎት ግዴታ ይኖርብሃል፤ እሱ ችግር የለውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፐብሊክ ማኔጅመንትና ፖሊሲ ፒኤችዲ አለው። ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ ያስተምራል። እኔ ብሆን ከእነዚህ እጀምር ነበር። መረጃህ ያለው መንዝ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ትደርሳለህ።

ለአጎትህ የምለው አለኝ። ዶክተር መባል ለቤተሰብ ደስ ይላል። በጠዋት ተነሥቶ የሚያነበውና ሌሊት የሚጽፈው ግን አንተ ነህ። ለማዕረጉ ሲባል የተጀመረ ፒኤችዲ በሦስተኛው ዓመት ሲቆም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከልቡ መርዳት ከፈለገ የእንግሊዝኛ ፈተና ክፍያህን ይሸፍንልህ። አባትህን ከዛፋቸው አያጣላ።

የቀረውን ባጭሩ። ዕድሜህ አልረፈደም፤ በዚህ ዘርፍ የሥራ ልምድ ዋጋ አለው። ውጤትህ ለማመልከት ይበቃል። አገር ውስጥ ከሆነ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ታልፋለህ፤ ከአሁኑ ተዘጋጅ። የእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ የአይኤልትስና የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ስለዚህ ልታመለክት ስትል ተፈተን። ጂአርኢ የተባለውን የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙ ትምህርት ቤቶች ትተውታል። የሚጠይቅ ካገኘህ ውጤቱ አምስት ዓመት ይቆያል። የወጪ መጋራት ዕዳህን ካልጨረስክ ትራንስክሪፕትህ አይላክልህም፤ ነገ ሄደህ ጠይቅ። የድጋፍ ደብዳቤ ከአለቃህ ብቻ አታምጣ። «ሠራተኛው ጠባየ መልካም ነው» የሚል ወረቀት አይረዳህም። የማስተርስ አማካሪህ ይጻፉልህ። አንዳንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኳርተር ስለሚቆጥር 90 ክሬዲት ብታይ አትደንግጥ፤ በሴሚስተር 60 ማለት ነው። ስታቲስቲክስህ ደካማ ከሆነ አር የሚባለውን ሶፍትዌር ጫን፤ ነፃ ነው። ማታ ማታ ተለማመድ።

አሁን የምትሠራውን ልንገርህ። ደብተር ግዛ። ቢሮ ከመጡት የጓሳ ክርክሮች አሥሩን አስታውሰህ ጻፍ፤ የሰው ስም አትጥቀስ። ማን ምን አለ? ማን ፈረደ? ውሳኔውስ ተፈጸመ ወይ? ከአሥሩ ሁለት ገጽ አውጣና ላክልኝ። ያለ ክፍያ አነብልሃለሁ።

የመጀመሪያው ሰው ግን አባትህ ይሁኑ። በ1967 ስንት ዓመታቸው ነበር? ሣሩ ሲከፈት አብረው ወጥተው ያውቃሉ? እሑድ አስቀምጣቸውና ጠይቃቸው። ሲናገሩ አታቋርጣቸው።