ግብፅ ጓደኞቼ ጋ ልሄድ ነው፣ እዛ መቁረብ እችላለሁ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉልኝ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፍልዎት። አብረውኝ የተማሩ ጓደኞቼ ካይሮ ይኖራሉና ነይ ብለውኝ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ አንድ ወር ልቆይ ነው። እኔ የእመቤታችንን የስደት ቦታዎች ለመሳለም ነው የጓጓሁት፣ እነሱ ደግሞ ፒራሚዱንም የፈርዖኖቹን ቤተ ጣዖትም እናሳይሻለን ይላሉ፣ ይሄ ኃጢአት አይሆንብኝም? ግብፆች ጋ መቁረብስ ይቻላል? ጎረቤታችን እማማ ደግሞ ጣና ቂርቆስ እያለልሽ ግብፅ ምን ያስኬድሻል አሉኝና ልቤ ተከፈለ።

መልስ፦ እንኳን ጠየቅሽ ልጄ፣ ብዙ ሰው ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ነው የሚጠይቀው።

ከቁርባኑ ልጀምር፣ ትልቁ እሱ ነውና። አዎ ይቻላል። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን በእምነት አንድ የሆንናት እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ሶርያም አርመንም ህንድም ኤርትራም እንደዚሁ፣ በጥር 1957 ዓ.ም አባቶች አዲስ አበባ ተሰብስበው ይሄንኑ አንድነት መስክረዋል። እኛ እኮ ከአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ጳጳስ የሚመጣልን ከእስክንድርያ ነበር፣ የራሳችንን ፓትርያርክ ያገኘነው በ1951 ዓ.ም ነው። ያውም አንች የማርቆስ ልጅ ነሽ! ያ መንበር የቅዱስ ማርቆስ መንበር ነው፣ ዐፅሙም ከሮም ተመልሶ ካይሮ አባስያ ካቴድራሉ ውስጥ ነው ያለው፣ በ1960 ዓ.ም ካቴድራሉ ሲመረቅ ጃንሆይም ተገኝተው ነበር። እሱን ሳትሳለሚ እንዳትመለሽ አደራ።

ግን ይቻላል ማለት ዘው ብሎ መቁረብ ማለት አይደለም። ከመሄድሽ በፊት ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ተናዘዥ፣ የተጠመቅሽና በንስሐ ያለሽ መሆንሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፉልሽ ምክንያቱም እዛ ያለው ካህን አያውቅሽም፣ ቢጠይቅሽ ደግሞ ልክ ነው፣ መጠየቅ አለበት። እነሱ ከቁርባን በፊት 9 ሰዓት ነው የሚጾሙት፣ አንች ግን ያደግሽበትን 18ቱን ሰዓት ጠብቂ፣ እዛ ስለሆንኩ ቀለለልኝ አይባልም። ጫማም እንደኛ በር ላይ አይወልቅም፣ ሊቆርቡ ሲሉ ነው የሚያወልቁት፣ እና ሰው በጫማ ቆሞ ስታይ አትደንግጪ፣ አትፍረጅባቸውም፣ ሥርዓታቸው ነው። ቅዳሴው በዓረብኛና በቅብጥ ቢሆንም ኪርያላይሶን ሲባል ግን የት እንዳለሽ ይገባሻል።

ሲና ተራራ ሥር ያለው የቅድስት ካትሪን ገዳም ግን ሌላ ነው። የግሪኮች ነው፣ እነሱ ጋ በ451 እ.ኤ.አ በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ተለያይተናል፣ ስለዚህ ሄደሽ እይ፣ ጸልዪ፣ ሙሴ እሳት ሲነድባት ያያት ዕፀ ጳጦስ የነበረችበት ነው የሚባለውን ቦታ ተሳለሚ፣ ቁርባን ግን የለም። ይሄ ጥላቻ አይደለም፣ ቁርባን የእምነት አንድነት ማኅተም ስለሆነ ነው።

ወደ ቤተ ጣዖቱ ስንመጣ፣ ማየት ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ላይ የሚያመልኩትን እየተመለከተ ነው ያለፈው፣ ያየውንም ለስብከት ነው የተጠቀመበት፣ ሐዋ. 17ን አንብቢው። ሙሴም የግብፆችን ጥበብ ሁሉ ተምሯል። እንዲያውም አስዋን አጠገብ ፊሌ የሚባለው ኢሲስ የምትባል ጣዖታቸው ቤት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር፣ ክርስቲያኖች ግድግዳው ላይ የቀረጹት መስቀል ዛሬም አለ፣ እኔ ይሄን ሳስብ የጣናው ገዳም ዳጋ እስጢፋኖስ ነው ትዝ የሚለኝ። አምላካችን የጣዖትን ቤት እንዴት እንደወረሰ በዓይንሽ ታያለሽ ማለት ነው። የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው፦ ሉክሶር ካርናክ ውስጥ ትልቅ የጢንዚዛ ሐውልት አለ፣ ዙሩት ትዳር ይሰጣል ዕድል ያመጣል እያሉ ቱሪስቱን ያዞሩታል፣ ብዙ ሰው እየሳቀ ይዞራል። አንች አትዙሪ! ለቀልድም ለፎቶም ቢሆን አትዙሪ። ከዓይን ይጠብቃል የሚሉትን ሰማያዊ ዶቃም አትግዢ፣ አንገትሽ ላይ ማዕተብ አለ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ጽጌን እነሱ እንደኛ አይጾሟትም፣ የፈቃድ ጾም ስለሆነች አንችም ከንስሐ አባትሽ ጋ ተመካከሪ። ነቢያት ግን የሁላችን ነው፣ የኛ ኅዳር 15 የነሱ ኅዳር 16 ይገባል፣ እነሱ በዚህ ጾም ዓሣ ይበላሉ። ጣና ዳርም የዓሣ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔ የተማርኩትና የማስተምረው ግን በጾም ዓሣ እንደማይበላ ነው። የጋበዘሽን ሰው ሳታሳፍሪ ፉሉንና አትክልቱን ብይ፣ ግብፅ ውስጥ የጾም ምግብ ሞልቷል።

የእማማን ነገር ደግሞ አትናቂው። እመቤታችን በስደቷ ጣና ቂርቆስ ድረስ መጥታለች ብለው አባቶቻችን አስተምረውናል፣ ግብፅ መውረዷን ደግሞ ማቴዎስ በምዕራፍ 2 ጽፎታል፣ ስለዚህ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። ካይሮ አሮጌው ከተማ አቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እመቤታችን ከልጇ ጋ በስደቷ የተጠለለችበት የሚባለው ዋሻ አለ፣ አጠገቡ በሮማውያን ምሽግ በር ላይ የተሠራችው አል ሙዓለቃ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከሁሉ በላይ ግን አስዩጥ በኩል ደብረ ቁስቋም፣ እነሱ ደይር አል ሙሐረቅ የሚሉት፣ ድሮ የኛ መነኮሳት የኖሩበት ገዳም ነው። ኅዳር 6 ቁስቋምን እነሱም ያከብራሉ፣ አንችም በዛን ሰሞን እዛው ነሽ።

አንድ ነገር፣ ሴት ጣና ላይ ያሉት ዳጋና ክብራን ገዳማት አትገባም፣ ዋዲ ናትሩን ያሉት የአባ መቃርስና የአባ ቢሾይ ገዳማት ግን ሴት እንግዳም ይቀበላሉ፣ ሆኖም ጾም ሲገባ ለጎብኚ የሚዘጉ ገዳማት ስላሉ ጓደኞችሽ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁልሽ። ገዳማቱን ከኅዳር 16 በፊት ጨርሺ፣ ፒራሚዱ የትም አይሄድም ከዛ በኋላ ይደርሳል።