ከጣና ዳርቻ ወደ አንሲ ተራሮች፦ የሚያሰጋው አየሩ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በባሕር ዳር የምኖር የ34 ዓመት መምህር ነኝ። ላለፉት አምስት ዓመታት በሳምንት አራት ቀን ማለዳ በጣና ዳር እሮጣለሁ፤ ግማሽ ማራቶን በ1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ጨርሻለሁ። በፈረንሳይ አንሲ ከተማ የምትኖረው እኅቴ በመጪው ግንቦት በዚያ በሚካሄድ የ30 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ አስመዝግባኛለች። መነሻውም መድረሻውም ሐይቁ ዳር ሲሆን፣ በሰምኖ ተራራ ጫፍ ያልፋል፤ ዳገቱ ሲደመር 1,800 ሜትር ይሆናል። ሜዳ የለመድኩ ነኝና የከፍታው አየር እንዳይጥለኝ እፈራለሁ። ዳገት ላይ መራመድስ ነውር ይሆን?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ስለ አየሩ አይስጉ። የአንሲ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ በ447 ሜትር ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የሰምኖ ከፍተኛ ጫፍም 1,699 ሜትር ነው። ጣና ግን 1,788 ሜትር ያህል ላይ ነው። እርስዎ ማለዳ ማለዳ የሚሮጡበት ዳርቻ ከዚያ ተራራ ጫፍ ይበልጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሳንባዎ ከብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ርቀቱን ግን በሜዳ ልክ እንዳያዩት አደራ እንላለን። በተራራ ሩጫ የተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት አንድ ኪሎ ሜትር መጨመር ነው፤ በዚህ መሠረት የእርስዎ ውድድር የ48 ኪሎ ሜትር ያህል ድካም አለው። የግማሽ ማራቶን ፍጥነትዎን ረስተው ከአራት ሰዓት በላይ ለሚፈጅ ጉዞ ይዘጋጁ። ዳገት ላይ መራመድም ነውር አይደለም፤ ዳገቱ እጅግ ቀጥ ሲል ፈጣኖቹ ሳይቀሩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይራመዳሉ፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ መሮጥ የሚያተርፈው ጊዜ ጥቂት፣ የሚያስወጣው ጉልበት ግን ብዙ ነው።

በደብዳቤዎ ያልጠየቁን ቁልቁለቱን ነው፤ እኛን የሚያሳስበን ግን እሱ ነው። የወጡትን 1,800 ሜትር ሁሉ መልሰው ይወርዱታል። ሽቅብ ሲወጡ ጡንቻ እየተኮማተረ ይገፋል፤ ቁልቁል ሲወርዱ ግን የጭን የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ በየእርምጃው የሰውነትን ክብደት እንዲያቆም ይገደዳል፤ በዚህም ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ያልለመደው ሯጭ ትንፋሽ ሳያጥረው ጭኑ ይከዳዋል፣ ሕመሙም በማግስቱና በሠልስቱ ይብስበታል። ደግነቱ፣ በመጠኑ የተፈተነ ጡንቻ ለሚቀጥለው ቁልቁለት ራሱን ያጠነክራል፤ ይህም ጥበቃ ለሳምንታት ይቆያል።

ለዚህ ጉና ድረስ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወጣው መንገድ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን እየተራመዱ ይውጡ፣ እየሮጡ ይውረዱ፤ በአራት ምልልስ ጀምረው በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ይጨምሩ። ሲወርዱ እርምጃዎን አሳጥረው ያፍጥኑ፣ ወደ ኋላ አይንጋለሉ፣ ዐይንዎን ከእግርዎ ሥር አንስተው ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ይጣሉ። የመጨረሻውን ከባድ ቁልቁለት ከውድድሩ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ይጨርሱ፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ሕመም አብሮዎት አውሮፕላን ይሳፈራል።

ስለ ምግብ ብዙ አንልም። ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት በየሰዓቱ ይውሰዱ፤ በሶ በጥብጠው የለመዱ ከሆነ በረጅም ልምምድ ቀን ይሞክሩት፣ ያልሞከሩትን ግን በውድድር ቀን አይጀምሩ።

ልብስን ግን ቀላል ነገር አድርገው አይዩት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ከሐይቁ እስከ ሰምኖ ጫፍ ድረስ ስምንት ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ፣ ነፋስና ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ላብ ያራሰው ሰው ፈጥኖ ይበርደዋል። ባለ ቆብ የዝናብ ጃኬት፣ ፊሽካና ቻርጁ የሞላ ስልክ ይያዙ፤ በአውሮፓ የአደጋ ጊዜ ቁጥር 112 ነው። የውድድሩን የግዴታ ዕቃዎች ዝርዝርም እኅትዎ አስቀድመው ይላኩልዎት።

አንድ ነገር ባሕር ዳር ላይ መለማመድ ይከብድዎታል። የሥልጠናዎ ወራት በጋ በመሆናቸው ከእግርዎ በታች የሚያገኙት ደረቅ መሬት ነው፤ የሰምኖ ጫካ ግን ዝናብ ከጣለበት እርጥብ ሥርና የሚያዳልጥ ድንጋይ ይጠብቅዎታል። ከተቻለ ከውድድሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ይድረሱና፣ መርገጫው በደንብ የሚቆነጥጥ ጫማዎን አድርገው የመጨረሻውን ቁልቁለት ከእኅትዎ ጋር በእግር ጉዞ ይውረዱት።