ቤት የሌለው ሰው፣ ስልክና ኢንተርኔት፦ ጥያቄና መልስ

በመጠለያዎችና በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ክፍሎች ቤት የሌላቸውን ሰዎች ሳግዝ ቆይቻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ከደረሱኝ ውስጥ እነዚህን መልሻለሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሚበላውና የሚያድርበት ያጣ ሰው ኢንተርኔት ምን ይሠራለታል? ቅድሚያ የሚሰጠው ነገር አይደለም ባይ ነኝ።

መልስ፦ የሚያድርበትን የሚያገኘው በምን ይመስልዎታል? የመጠለያ ተራ መያዝ፣ ሥራ ማመልከት፣ የሐኪም ቀጠሮ ማስያዝ በብዙ ቦታ በድረ ገጽ ወይም በስልክ ሆኗል። ችግሩ ደግሞ የቆየ ነው። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስልክ ለሌላቸው ሰዎች የድምፅ መልእክት ሳጥን የሚሰጥ አገልግሎት ነበረ፤ ቀጣሪ ደውሎ መልእክት የሚተውበት ቁጥር የሌለው ሥራ ፈላጊ ከነጭራሹ እንዳላመለከተ ይቆጠር ነበርና። ዛሬ በቁጥሩ ላይ ኢሜይልና የማረጋገጫ ኮድ ተጨመሩበት።

ጥያቄ፦ ስልኬ በተኛሁበት ተሰረቀ። አዲስ ሲም አውጥቻለሁ፤ ኢሜይሌን ልከፍት ስል ግን ኮዱን ወደ ድሮው ቁጥሬ ይልካል። የቤት ማመልከቻዬ መልስ የሚመጣው በዚያ ኢሜይል ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብዛኛው ሰው ወደ እኔ የሚመጣው በዚሁ ጉዳይ ነው። ስልክ መተካት ይቻላል፤ ሰውን የሚያደክመው ቁጥሩና ከቁጥሩ ጋር የታሰረው ሁሉ ነው። አዲሱን ቁጥር ለሰው ከማደልህ በፊት የድሮውን ለማስመለስ ሞክር። የስልክ ኩባንያው ማንነትህን ካረጋገጠ በጠፋው ሲም ምትክ በዚያው ቁጥር ሌላ ያወጣልሃል። ሥራ ላይ ሳይውል የቆየ ቁጥር ግን ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ ኩባንያው ቢያንስ 45 ቀን እንዲጠብቅ ደንቡ ያዛል፤ ሌላ አገር ጊዜው ይለያያል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሂድ።

መታወቂያህም አብሮ ጠፍቶ ከሆነ ያለህ መንገድ የኢሜይሉ የመልሶ ማግኛ ገጽ ነው። ከዚህ በፊት ኢሜይልህን ከፍተህበት በምታውቀው ኮምፒውተር፣ በምታዘወትረው ቦታ ሆነህ ሞክር። ጉግል ለምሳሌ የሚያውቀውን መሣሪያና ቦታ እንደ ምስክር ይቆጥርልሃል። የይለፍ ቃሉን በግምት ደጋግመህ አትሞክር፤ ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋብሃል። ጎን ለጎን ማመልከቻህን ወደተቀበለው ቢሮ ሄደህ አድራሻህ እንዲቀየር በጽሑፍ ጠይቅ፤ ኢሜይሉ እስኪመለስ ቀነ ገደቡ አይጠብቅህም።

የገባህ ዕለት የመጠባበቂያ ኮዶችን፣ ማለትም በስልክ የሚላከውን ኮድ የሚተኩትን፣ አውጣ። ጉግል ባለ 8 አሃዝ 10 ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ገልብጣቸው። ፎቶ አንስቶ እዚያው ስልክ ላይ ማስቀመጥ ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መቆለፍ ነው።

ጥያቄ (ከዚያው ጠያቂ)፦ ወረቀትስ ቢሆን ይጠፋ፣ ዝናብ ይመታው የለም?

መልስ፦ ልክ ነህ። በእርሳስ ጻፈው፤ እርሳስ ቢረጥብም አይፈስም። በላስቲክ ጠቅልለህ ከስልክህ በተለየ ኪስ ያዘው። ሁለተኛውን ቅጂ በታሸገ ፖስታ ለምታምነው ሰው ወይም ለመጠለያው ማኅበራዊ ሠራተኛ ስጥ። የይለፍ ቃልህን ግን ከኮዶቹ ጋር አትጻፍ።

ጥያቄ፦ በየአደባባዩ ባለ ቻርጅ ማድረጊያ ስልክ መሰካት መረጃ ያሰርቃል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወሬው ከአደጋው ይገዝፋል። የዛሬ ስልኮች በገመዱ መረጃ ከመተላለፉ በፊት ፈቃድዎን ይጠይቃሉ፤ መከልከል ነው። በራስዎ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት ከሰኩ ደግሞ ይህም ስጋት የለም። የሚሰረቀው ስልኩ ራሱ ነው። ሌሊቱን ሲንከራተት ያደረ ሰው ሶኬት አጠገብ ሲቀመጥ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሲነቃ ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሎ ያገኛል። ፓወር ባንክ ካለዎት ሶኬት ላይ የሚተዉት እሱን ይሁን፤ ስልኩ ከእጅዎ አይለይ። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል የተጻፈበት ፓወር ባንክ 5,000 የሚይዝ ስልክ ሁለት ጊዜ ይሞላል ብለው ግን እንዳያስቡ። ኃይሉ ሲለወጥ ስለሚባክን አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ነው። ከ0 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ቻርጅ ማድረግም ባትሪውን ይጎዳል፤ መጀመሪያ በሰውነትዎ ያሙቁት።

ጥያቄ፦ በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ማመልከቻ ስሞላ ሰዓቴ ያልቅና የጻፍኩት ሁሉ ይጠፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሚቆጥርብዎት ኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም፤ ድረ ገጹም ለተወሰኑ ደቂቃዎች ካልተነካ ያስወጣዎታል። የሠሩባቸውን ቦታዎች፣ ቀኖቹንና የምስክሮችዎን ስልክ አስቀድመው በወረቀት ያዘጋጁ። ረዥም መልስ የሚጠይቀውን ክፍል መጀመሪያ በኢሜይልዎ ረቂቅ ውስጥ ጽፈው ከዚያ ወደ ቅጹ ይቅዱት፤ ቢዘጋም ረቂቁ ይቀመጣል። ተጨማሪ ሰዓት የሚጠየቀውም ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ሲቀመጡ ነው። ወረፋ ከሌለ ብዙ ሠራተኞች ይፈቅዳሉ።

ያልጠየቁኝንም ልጨምር። አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ ከማመልከቻው ጋር ሰነድ ሊያያይዝ የፋይል መስኮቱን ሲከፍት፣ ከእሱ በፊት የተቀመጠው ሰው መታወቂያ፣ የሐኪም ወረቀትና የፍርድ ቤት ደብዳቤ ተደርድረው ጠበቁት። ባለቤቱ ብራውዘሩን ዘግቶ በመነሣቱ የጨረሰ መስሎት ይሆናል። የወረደ ወይም ስካን የተደረገ ፋይል ግን ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። አጥፉት፤ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጉ። ከየገጹ "ውጣ" የሚለውን ተጭናችሁ ውጡ፤ ብራውዘሩ የይለፍ ቃል ላስቀምጥ ሲላችሁም እንቢ በሉት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ሸሽቼ ነው የወጣሁት። ያለሁበትን በስልኬ ሊያውቅ ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይችላል፤ በተለይ ስልኩን የገዛውና አካውንቱን የከፈተልሽ እሱ ከሆነ። ሰላይ መተግበሪያ እንኳ አያስፈልገውም። የይለፍ ቃልሽን ማወቁ ወይም የቤተሰብ መገኛ ማጋሪያው ክፍት ሆኖ መቅረቱ ይበቃል። ነገር ግን ማጋሪያውን ድንገት መዝጋት ራሱ እንደነቃሽ ይነግረዋል። ስለዚህ አስቀድመሽ በሴቶች መጠለያ ውስጥ ይህን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማከሪ። ለውጡን የምታደርጊው በዚያ ስልክ ሳይሆን እሱ ነክቶት በማያውቅ መሣሪያ ነው፦ አዲስ ኢሜይል፣ አዲስ የይለፍ ቃል፣ ከዚያም በድሮው አካውንት ውስጥ የተዘረዘሩትን መሣሪያዎች አይተሽ የማታውቂውን ማስወጣት። ቦርሳሽንና የልጆቹንም ዕቃ ፈትሺ፤ ብሉቱዝ ያለው የዕቃ መፈለጊያ የአዝራር ያህል ትንሽ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ቅጹ ቋሚ አድራሻ ካልሞላሁ አያሳልፈኝም።

መልስ፦ ደብዳቤ እንዲቀበልልዎ የፈቀደ መጠለያ ወይም ድርጅት አድራሻ ይሙሉ። በብዙ አገር ፖስታ ቤቶችም በስምዎ የመጣ ደብዳቤ እስኪወስዱት ያቆያሉ። ሐሰተኛ አድራሻ አይጻፉ፤ ደብዳቤው ሲመለስ ማመልከቻውም አብሮ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ትንሽ መጠለያ አስተዳድራለሁ። ለኮምፒውተር ክፍል የሚሆን ገንዘብ አግኝተናል። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከሶኬት። የምሬን ነው። ከአምስት ኮምፒውተሮች በፊት ስልክ ተቆልፎ ቻርጅ የሚደረግባቸው ሳጥኖች ያስፈልጓችኋል፤ ቀጥሎ ማተሚያና ስካነር። ዋይፋዩ ለመግባት በአጭር መልእክት ኮድ የሚልክ እንዳይሆን፤ ቁጥር የሌለውን ሰው ያስቀራል። ኮምፒውተሮቹ ተጠቃሚ በወጣ ቁጥር ራሳቸውን የሚያጸዱ ይሁኑ።

የአጠቃቀም ደንብ ስታወጡ የኒው ዮርክን ታሪክ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 በድሮ የስልክ ሳጥኖች ቦታ ነጻ ዋይፋይና የኢንተርኔት ታብሌት ያላቸው ማማዎች ቆሙ። ሰዎች ለረዥም ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጠው ይጠቀሙ፣ አንዳንዶቹም ነውር ምስል ያዩ ስለነበር አቤቱታ በዛና በዚያው ዓመት የታብሌቱ ኢንተርኔት ማሰሻ ተዘጋ፤ ዋይፋዩና ቻርጅ ማድረጊያው ቀሩ። ስልክ ያለው ምንም አልጎደለበትም፤ የተጎዳው ስልክ የሌለው ነው። በእኔ እምነት ጥቂቶች ባጠፉ ሁሉም ተቀጡ። የሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ሌላ መንገድ መረጠ፦ እ.ኤ.አ. በ2009 ማኅበራዊ ሠራተኛ ቀጠረ። ገንዘባችሁ ከበቃ እናንተም ከመሣሪያው ጎን የሚቀመጥ ሰው ቅጠሩ። የመጀመሪያውን ቅጽ አብሮ የሚሞላ ሰው ከሌለ ክፍሉ ፊልም ማያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። (ፊልም ማየታቸውንም አልነቅፍም፤ ቤት ያለው ሰውስ ማታ ምን ያደርጋል?)

ጥያቄ፦ ስልክ ቁጥር ሳይኖረኝ ኢሜይል መክፈት እችላለሁ?

መልስ፦ ቁጥር የማይጠይቁ አገልግሎቶች አሉ፤ ጥቂት ይፈልጉ። የሌላ ሰው ቁጥር ግን አያስገቡ፤ ዛሬ የሚረዳዎት ሰው ነገ ኮዱን ሊያነብልዎ ላይገኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ የማልጠቀምባቸው ላፕቶፕና ስልክ አሉኝ። የትኛው ይጠቅማል?

መልስ፦ ጎዳና ላይ ለሚያድር ስልኩ፤ ላፕቶፕ ይከብዳል፣ ለሌባም ይታያል። ላፕቶፑን ለመጠለያ ይስጡ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2025 ስላቆመ ሊኑክስ የተባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ቢጫንበት ይሻላል። ስልኩን ከመስጠትዎ በፊት ከአካውንትዎ ይውጡ፣ ከዚያ ሁሉንም ያጥፉ። ሳይወጡ ካጠፉት አይፎንም አንድሮይድም ሲከፈት የእርስዎን የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ የተቀበለው ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። ቻርጀሩን አብረው ይስጡ።